ከጌታው ጋር የቀረው አሽከር፦ ወልደ ጋብርና የመቅደላው መጨረሻ

በጎንደር ከተማ የሚሠሩ አንድ አስጎብኚ የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፒያሳ ካለው ከዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ሥር እንግዶችን ሳስተናግድ ንጉሡ መቅደላ ላይ ብቻቸውን እንደ ሞቱ እናገራለሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ያልተለያቸው አሽከር ነበር ይላል። ይህ አሽከር ማን ነው? አገልግሎቱስ ምን ነበር? ጌታው ከወደቀ በኋላ ምን ዕጣ ገጠመው? በእርግጥ ታማኝ ከነበረስ ለምን አብሮ አልሞተም?»

ባልደረባዎ የተናገሩት እውነት ነው። አሽከሩ ወልደ ጋብር ይባላል። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ጥሶ ሲገባ ከንጉሡ አጠገብ የነበረ የቅርብ አገልጋይ ነው። የዘመቻውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስሙን መዝግበውታል፤ በእኛ ትረካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህን መዘለል አቅልዬ ማየት አይሆንልኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው እንዴት እንደ ሞቱና ከመሞታቸው በፊት ምን እንደ ተናገሩ የምናውቀው፣ ይህ ሰው ሌላው ሁሉ ሲሄድ ስለ ቀረና ያየውንም ስለ ተናገረ ነው። የቀሩትን ጥያቄዎችዎንም የምመልሰው ይህን መነሻ አድርጌ ነው።

በመጀመሪያ የአገልግሎቱን ነገር እንመልከት። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት የአንድ ሰው ክብር የሚለካው ለንጉሡ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ታይቶ ነበር። እልፍኝ አስከልካዩ ማን ገብቶ ማን ደጅ እንደሚጠና ይወስናል፤ ብላቴን ጌታው ብላቴኖቹን ያዛል፤ ባጅሮንዱ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል፤ ሊቀ መኳሱ ደግሞ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶና ተሸልሞ በመቆም ለንጉሡ የታሰበውን ጥይትና ጦር በራሱ ላይ ይቀበላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን የመጨረሻውን ማዕረግ ለእንግሊዛዊው ለጆን ቤል ሰጥተውት ነበር፤ ቤልም በ1853 ዓ.ም. ከሸፈተው ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። ከእነዚህ ባለማዕረጎች በታች ደግሞ ጋሻና ጠመንጃ የሚሸከም፣ በቅሎ የሚጭን፣ እጅ የሚያስታጥብ፣ እግር የሚያጥብ፣ ሌሊት ከድንኳኑ ደጃፍ የሚያድር አሽከር አለ። ይህ ሰው የደንብ ልብስም ሆነ የሹመት ስም የለውም። ይሁን እንጂ ንጉሡ ሲቆጡ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲጸልዩና ሲታመሙ የሚያይ እሱ ነው። ወልደ ጋብር የነበረበት ስፍራ ይህ ነው።

እንዲህ ያለው አሽከር የወር ደመወዝ አይቆረጥለትም። በጌታው ቤት ይበላል፤ ጌታው ያለብሰዋል፤ ጠመንጃና በቅሎ ይሰጠዋል፤ አገልግሎቱ ከሠመረም አንድ ቀን ማደሪያ መሬት ይተክልለታል። ባላገሩ ከሃዲን ሰው «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ብሎ የሚሰድበው የጌታና የሎሌ ቃል ኪዳን በማዕድ ላይ የቆመ ስለሆነ ነው። ቃል ኪዳኑ ግን በአሽከሩ ላይ ብቻ የተጫነ አልነበረም። ጌታው የማብላትና የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን ማድረግ የማይችልበት ቀን ሲመጣም አሽከሩን ማሰናበት የጌትነቱ ወግ ነው። ይህን ነጥብ እባክዎ ይያዙልኝ፤ «ለምን አብሮ አልሞተም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወልደ ጋብር የቀረበት ቤት በአንድ ቀን አልፈረሰም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ሲነሡ ዙሪያው ሁሉ ሸፍቶባቸው፣ ትልቁ ሠራዊታቸውም ተመናምኖ ነበር። በጋፋት የተሠራውንና ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉና ገደል እየደለደሉ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በዚያ መንገድ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚከዳው ወታደር ብዙ ነበር። የሚከዳ ሰው ግን የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው ነው፤ ርስት ያለው ወደ ርስቱ፣ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይሄዳል። መብሉም ልብሱም ስሙም ከጌታው እጅ ለሆነ የእልፍኝ አሽከር ነገሩ የተለየ ነው። በእኔ ግምት በመጨረሻው ቀን ከንጉሡ ጋር የተገኙት ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሶቹ ከልብ የሚወዷቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከእሳቸው በቀር ሌላ መጠጊያ ያልነበራቸው ናቸው። በአንድ ሰው ልብ ውስጥም ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ይህ ታማኝነቱን አያሳንሰውም።

አሁን ወደ አራቱ ቀናት እንምጣ። የስቅለት ዕለት፣ ዐርብ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የንጉሡ ጦር ከአምባው ወርዶ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የእንግሊዝን ዘመቻ ከሚመራው ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ተጋጠመ። በሰዓታት ውስጥ ወደ 700 የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ረገፈ፤ ጦሩን እየመሩ የወረዱት ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። በማግሥቱ ንጉሡ ለናፒየር ያስጻፉት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ልብ ይነካል። በደብዳቤው ራሳቸውን የጠሩት ቴዎድሮስ ብለው ሳይሆን ካሳ ብለው፣ ማለትም በልጅነት ስማቸው ነው፤ የሚወዳቸውና የሚከተላቸው ሰው አንዲት አረር ፈርቶ ጥሏቸው እንደ ሸሸም ያማርራሉ። በዚያው ቀን ሽጉጣቸውን ወደ አፋቸው አስገቡ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ተረባርበው እጃቸውን ሲይዙ ሽጉጡ ተተኮሰና ጥይቱ ጆሯቸውን ጫር አድርጎ አለፈ።

እሑድ ፋሲካ ነበር። ንጉሡ አንድ ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ለእንግሊዞቹ የፍስክ ሰደዱ። በአገራችን ልማድ የጠላትን መብል የተቀበለ ሰው እርቁን ተቀብሏል፤ እሳቸውም ስጦታው ተቀባይነት እንዳገኘ ተነግሯቸው ልባቸው አርፎ ነበር። በኋላ ግን ስጦታው እንዳልተወሰደ ሲሰሙ የቀረው ተስፋ ተቆረጠ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ከአምባው ወጥተው ለመሄድ ሞከሩ፤ የሚከተላቸው ሰው ጥቂት ሆነ። የሚሻ ሁሉ ወደሚሻው እንዲሄድ ፈቅደው ተመለሱ። ያን ዕለት ጠዋት በሰላምጌ ሜዳ ላይ ፈረሳቸውን እየጋለቡ፣ ወንድ የሆነ ይውጣና ይግጠመኝ እያሉ ሲፎክሩ የእንግሊዝ መኮንኖች በዓይናቸው አይተዋቸዋል።

ከሰዓት በኋላ መድፉ አምባውን ሲደበድብ ቆይቶ 10 ሰዓት ገደማ እግረኛው ወደ ኮከት በር ወጣ። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ክምር ተደፍኖ ስለነበር ወታደሮቹ ከጎን ባለው እሾህ አጥር ላይ ተንጠላጥለው ዘለቁ። የንጉሡ ባለሟል ራስ እንግዳ በዚሁ በር ላይ ሞቱ። ንጉሡ ወደ ሁለተኛው በር ሽቅብ ወጡ፤ በዚያች ሰዓት አብሯቸው የቀረው ወልደ ጋብር ነው። የተመዘገበው ቃሉ እንደሚለው ንጉሡ ወደ እሱ ዞረው እንዲሸሽ አዘዙት፤ ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሎሌ እንዳልሆነና ከአገልግሎቱ እንዳሰናበቱት፣ እሳቸው ግን በጠላት እጅ እንደማይወድቁ ነገሩት። ይህን ብለው ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸውን ሽጉጥ ወደ አፋቸው አስገብተው ቃታውን ሳቡ።

ቅዳሜና ሰኞን አስተያዩልኝ። ቅዳሜ ዕለት አገልጋዮቹ እጃቸውን ይዘው ሞትን ከለከሏቸው፤ ሰኞ ዕለት ማንም እጃቸውን አልያዘም። አንዳንድ ሰው ይህን በወልደ ጋብር ላይ እንደ ነቀፋ ሲያነሣበት እሰማለሁ፤ እኔ ግን በፍጹም አልቀበለውም። ቅዳሜ ገና ጌታና ሎሌ ናቸው፤ ጌታውን ከሞት መከልከል የአሽከር ግዴታው ነው። ሰኞ ግን ጌታው ራሳቸው አሰናብተውታል። ከዚህ በኋላ እጃቸውን ቢይዝ ለሚማርኳቸው ሰዎች አሳልፎ ሰጣቸው ማለት ነው፤ ንጉሡ ከሞት አብልጠው የፈሩትም ይህንኑ ነበር። አብሮ መሞትም አልታዘዘም፤ የታዘዘው እንዲሄድ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬና ራስ እንግዳ የጦር ሰዎች ናቸው፤ የእነሱ ታማኝነት የሚፈጸመው ወደ ፊት ሲወድቁ ነው። የእልፍኝ አሽከር ታማኝነት ግን ጌታው እስኪያሰናብተው ድረስ ካለበት አለመነቃነቅ ነው፤ ወልደ ጋብር ደግሞ ይህን እስከ መጨረሻዋ ቃል ፈጽሞታል።

ቃሉ ምን ያህል ይታመናል የሚለውን ደግሞ እንደ ማንኛውም ምስክርነት መመርመር ተገቢ ነው። አሸናፊ በሆነ ጦር መካከል የቆመ፣ ትጥቅና ወገን የሌለው አሽከር ማራኪዎቹን የሚያስደስት ወሬ ቢያወራ አያስደንቅም ነበር። ንጉሡ በእኛ ጥይት ወደቀ ለማለት ለሚጓጓ ወታደር፣ አዎን እናንተ ገደላችኋቸው ማለት ቀላሉ መንገድ ነው። እሱ የተናገረው ግን ለወታደሮቹ ክብር የማይጨምረውን፣ ለጌታው የሚያደላውን ነው። አስከሬኑ ሲመረመርም ጥይቱ በአፍ ገብቶ በስተኋላ መውጣቱ ታወቀ፤ ይህም ከአሽከሩ ቃል ጋር ይገጥማል። ስለዚህ አድራጎቱን በሙሉ ልብ መናገር ይችላሉ። የንጉሡን የመጨረሻ ንግግር በተመለከተ ግን አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። ቃሉ በአስተርጓሚ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ተላልፎ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ እኛ የተመለሰ ነው። ሐሳቡን ይናገሩ እንጂ ቃል በቃል እንዲህ ብለው ነበር ብለው በጥቅስ አያቅርቡ፤ በየመድረኩ የሚሰሙት ያማሩ የመሰናበቻ ንግግሮች አብዛኞቹ ከቲያትር የተወረሱ ናቸው።

በአምባው ላይ ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። ወታደሮች ከንጉሡ ልብስ እየቀደዱ፣ ከጸጉራቸው እየቆረጡ ለማስታወሻ ወሰዱ፤ ከዚሁ ጸጉር የተወሰነው ከ150 ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ወደ አገሩ ተመልሷል። አስከሬኑ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው በእሳት ጋየ። የተዘረፈውን ዕቃ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል እንደ ወልደ ጋብር ያለ አሽከር ዕጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የአምባውን ሕዝብ ዕጣ ማየት ያስፈልጋል። የተረፈው ወታደር ትጥቁን ፈትቶ ከሚስትና ከልጆቹ ጋር ከአምባው እንዲወርድ ተደረገ፤ ጠመንጃና ጠባቂ የሌለው ይህ ሕዝብ አገር አቋርጦ ሲሄድ በዘራፊ ተጠቃ። መቅደላም ለወሎዋ ባላባት ለወይዘሮ መስተዋት ተሰጠች። ለአንድ የእልፍኝ አሽከር ይህ ማለት በአንድ ሳምንት ውስጥ ጌታውን፣ ማዕዱን፣ ትጥቁንና ቤቱን አጣ ማለት ነው። ያገለገለበት ዘመን ምስክር የሚሆንለት ጌታ ሞቷል፤ ተስፋ ያደረገበት ማደሪያ መሬትም የሚሰጠው የለም። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለ ሰው የቀረው መንገድ ሁለት ነበር፤ ወይ ወደ ዘመዶቹ ተመልሶ ማረስ፣ ወይ ሌላ ጌታ ፈልጎ ማደር። ጌታ የሚሆኑት ሰዎችም ለመነሣት ብዙም አልቆዩም፤ ዋግሹም ጎበዜ በዚያው ዓመት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፣ የትግራዩ ካሳ ከሦስት ዓመት በኋላ እሳቸውን ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ።

ልዩነቱን ለማየት ከዚያው ከመቅደላ ሌላ ሰው ልጥቀስ። ልጅ ምኒልክ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ተማርከው በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት ባደጉበት ዘመን አቶ ገርማሜ አብረዋቸው ነበሩ፤ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡም አብረው አመለጡ። ምኒልክ የአባታቸውን የሸዋን ዙፋን ስላገኙ ገርማሜ ደጃዝማች ተብለው ተሾሙ፤ ዘራቸውም በኢትዮጵያ ታሪክ የታወቀ ሆነ። ታማኝነቱ በሁለቱም ዘንድ አለ። የአንደኛው ጌታ ወድቆ ተነሣ፣ የሌላው ወድቆ ቀረ፤ የአሽከር ስም በታሪክ የሚሰፋውም የሚጠበውም በዚህ ነው።

እርስዎ የጎንደር ሰው ስለሆኑ ሦስተኛ ዓይነት አገልጋይ እዚያው በእጅዎ አለ። እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ከተገደሉ በኋላ ከሥልጣን ርቀው ቁስቋም ተቀምጠው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። የእሳቸው መንግሥት ወደቀ፤ የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ካህናት ግን አልወደቁም፤ ምክንያቱም መተዳደሪያቸው የሆነው መሬት በእቴጌይቱ ዘመን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ተተክሎ በመጽሐፍ ተጽፏል። ካህኑ የወደቀውን ንጉሥ በጸሎት እያሰበ በመሬቱ ይኖራል፤ ልጁም ይተካዋል። የእልፍኙ አሽከር ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። እንግዶችን ቁስቋም ሲያደርሱ ይህን ቢነግሯቸው ፍርስራሹ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደ ነበረ ቶሎ ይገባቸዋል።

አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ቴዎድሮስ አሽከር ሲነገር ሊታለፍ አይገባም። ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. ያስዘረፉትና አድባራቷን ያቃጠሉት ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ሄደው፣ ከዚያም ወደ 350 የሚሆኑት በዘረፋው ለንደን ገብተዋል። ስለዚህ ከመቅደላ ወደ በጌምድር የተመለሰ የንጉሡ አሽከር ሁሉ የተመለሰው ጌታው ወዳቃጠሉት አገር ነው፤ የማን ሰው ነህ ሲባል የሚሰጠው መልስ ቀላል አልነበረም። እኔ ንጉሡን አከብራለሁ፤ የአድባራቱ ቃጠሎ ግን ያመኛል፤ እንግዳም ሁለቱን አብሮ መስማት አለበት እላለሁ። የወልደ ጋብርን ታማኝነት የሚያከብደውም ጌታው እንከን የለሽ ስለነበሩ አይደለም።

ከዚያ ቤት የቀረው አንድ ልጅ ነበር። የሰባት ዓመቱ ዐለማየሁ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጓዘ፤ እናቱ ግንቦት 8 ቀን በመንገድ ዐርፈው ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጁ እንግሊዝ አገር ሲገባ ሞግዚት ሆኖ የያዘው፣ ቀድሞ በአባቱ ሠራዊት ውስጥ ያገለገለውና አማርኛ የሚችለው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ አገራችን ባሻ ፈለቀ ትለዋለች። በኋላ ከእሱም ለይተው ትምህርት ቤት አስገቡት፤ አማርኛውንም ረሳ። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። አባቱ በመጨረሻዋ ሰዓት አንድ አሽከር ነበራቸው፤ ልጁ ሲሞት ግን በቋንቋው የሚያናግረው የአባቱ ቤት ሰው አልነበረውም።

አልቃሾች በመቅደላ አፋፍ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ብለው የገጠሙት የንጉሡን ጀግንነት ለማጉላት ነው፤ አስጎብኚ ግን ይህን እንደ ቆጠራ መውሰድ የለበትም። ስለዚህ ከሐውልቱ ሥር «ብቻቸውን ሞቱ» የሚለውን ይተዉትና በዚህ ቅደም ተከተል ይናገሩ፤ ገብርዬ ዐርብ አሮጌ ላይ፣ ራስ እንግዳ ሰኞ ኮከት በር ላይ ወደቁ፤ ወልደ ጋብር እስከ ሁለተኛው በር ዘለቀ፤ ንጉሡም አሰናበቱትና ራሳቸውን ገደሉ። ይህን በሁለት ደቂቃ መናገር ይቻላል፤ የአሽከሩን ስም ግን ሳይጠሩ አይለፉ።